ፈውሱ ወርዷል፤ መንገድ ላይ ያስቀረው ማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አላህ ፈውሱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለ፣ ስለዚህም ሰው ሲታመም መታከም እንዳለበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ይህን ሐዲስ ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ሕመምተኛ ልንጠይቅ በሄድን ቁጥር አልጋው ዙሪያ ተቀምጠን የምንናገረው ነው። እውነትነቱም በዘመናችን ይበልጥ እየተገለጠ ሄዷል። በማዳጋስካር ደሴት ከምትበቅል አንዲት ትንሽ አበባ ቪንክሪስቲን የተባለ መድኃኒት ተገኝቶ ዛሬ በደም ካንሰር ለተያዙ ሕፃናት ይሰጣል። አላህ ፈውሱን በቅጠልና በአበባ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል ማለት ነው። ነገር ግን ሐዲሱን ተናግረን «አላህ ያሽርዎት» ብለን ስንነሣ አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ እንቀራለን፦ ፈውሱ ከወረደ፣ ከሕመምተኛው እጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያስቀረው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በየካ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ መስጊዶች በአንዱ የጁሙዓ ሰላት እንዳበቃ አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እንደ ልማዳችን የሚለምን መስሎን ኪሳችንን መዳበስ ጀመርን። እሱ ግን ገንዘብ አልጠየቀም። የያዘው የሐኪም ማዘዣ ነው። «ሐጂ፣ ይህን መድኃኒት የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ያውቁ ይሆን?» እያለ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል። እናቱ የጡት ካንሰር ሕመምተኛ ናቸው። የታዘዘላቸውን ፍለጋ ከኮተቤ ተነሥቶ መገናኛን፣ ከመገናኛ ሾላን፣ ከዚያም ወደ መሀል ከተማ ወርዶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ የሚገኙትን መድኃኒት ቤቶች፣ የከነማንና የቀይ መስቀልን ሳይቀር አዳርሷል። አራት ቀን ፈጅቶበታል። ያገኘው መልስ «የለም» ወይም «ጨርሰናል» ነው። በአምስተኛው ቀን አንድ ደላላ ደውሎ «አለ፤ ግን ዛሬውኑ ወስን» አለው። ዋጋው መድኃኒት ቤቶቹ ቀድሞ ይሸጡበት ከነበረው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተቀመጠ ሲጠይቅ ስልኩ ተዘጋበት።

በዚያ ከቆምነው መካከል ገንዘብ ለማውጣት የሰነፈ አልነበረም። የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ከሌላው ፍለጋ የሚለይበት ምክንያት አለው። ኬሞ የሚባለው ሕክምና የሚሰጠው በዙር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ። በሁለት ዙር መካከል ያሉት ቀናት የተቆጠሩ ናቸው፤ ጤነኛው የሰውነት ክፍል አገግሞ፣ በሽታው ግን ፋታ ሳያገኝ ቀጣዩ ዙር እንዲደርስበት ተብሎ ነው። መድኃኒት ጠፍቶ ቀኑ ሲያልፍ ያ ስሌት ይበላሻል። ታሞክሲፈን የተባለውን ኪኒን ደግሞ አንዲት የጡት ካንሰር ሕመምተኛ በየቀኑ ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ለአሥር ዓመት ትወስደዋለች። እንግዲህ ለዚህች እናት መድኃኒት ጠፋ ማለት አንድ ሳምንት በሕመም መሰቃየት ማለት ብቻ አይደለም፤ በዓመታት ድካም የተያዘው ጠላት በሩ ተከፍቶለት ይወጣል ማለት ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት ካንሰሮች የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር መሆናቸውን ስናስብ፣ ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ እንዳልሆነ እንረዳለን። ከእንጦጦ ተዳፋት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል የሚወርዱ እናቶች እስከ ዛሬ አሉ። ከእነርሱ አንዷ ብትታመም አራት ቀን ሙሉ በታክሲ የሚዞርላት ልጅ ባይኖራትስ? የጤና መድን ያለው ሰው እንኳ መድኃኒቱ ከመንግሥት ተቋሙ ሲጠፋ ፈልጎ ከኪሱ ለመግዛት ይገደዳል።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን የመድኃኒት እጥረት ሁሉ የሰው ክፋት ነው አንልም። የምንጠቀምበት አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው፤ ለመግዣውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የገቢ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደተለወጠ ሁላችንም በየቤታችን አይተነዋል። እጥረቱ ሀብታም አገሮችንም አልማረም። በሕንድ አሕመዳባድ አቅራቢያ የሚገኝ የኢንታስ ኩባንያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተመርምሮ ጉድለት ተገኝቶበት ማምረት ሲያቆም፣ በ2023 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ለማን እንስጥ ለማን እንከልክል እስከማለት ደርሰው ነበር። እንዲህ ያለው እጥረት የአላህ ፈተና ነው፤ በትዕግሥትና በብልሃት ይታለፋል።

ሌላ ዓይነት እጥረት ግን አለ። መድኃኒቱ አገር ውስጥ እያለ «የለም» የሚባልበት ነው። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርና የክሊንተን የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይዘርና ሲፕላ ከተባሉት አምራቾች ጋር ተዋውለው ኢትዮጵያን ጨምሮ ለስድስት የአፍሪካ አገሮች የካንሰር መድኃኒቶች በተቀነሰ ዋጋ እንዲቀርቡ አስደርገዋል። ፋብሪካው ዋጋ የቀነሰለት መድኃኒት ከሕመምተኛው ዘንድ ሲደርስ በደላላ ስልክ ብዙ እጥፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ጭማሪው የተጫነው መንገድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴ ወንድሞቻችን የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ተመን ያውጡልን ብለው ሲጠይቋቸው እምቢ ማለታቸውን ይጠቅሱና «ዋጋ የአላህ ነው፤ እኔ በገበያው ዋጋ ነው የሸጥኩት» ይላሉ። ሐዲሱ ትክክል ነው። አረዳዱ ግን ጎደሎ ነው። ሸይኽ ኢብን ተይሚያህ ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ ነገሩን ለሁለት ከፍለው አስረድተውታል። ሰዎች ያለ ተንኮል እየሸጡ፣ ዕቃው አንሶ ወይም ፈላጊው በዝቶ ዋጋ ቢወጣ፣ ነጋዴውን በግድ አርክስ ማለት በደል ነው። ነገር ግን ሕዝቡ የግድ የሚያስፈልገው ዕቃ በእጃቸው ያለ ሰዎች ከታወቀው ዋጋ በላይ ካልሆነ አንሸጥም ካሉ፣ በአምሳያው ዋጋ እንዲሸጡ ይገደዳሉ። የመጀመሪያውን መከልከል ፍትሕ እንደሆነ ሁሉ ሁለተኛውን ማስገደድም ፍትሕ ነው። ታዲያ እናቱ በአልጋ ላይ ሆና ቀን ከሚቆጠርበት ልጅ የበለጠ የግድ የሆነበት ገዢ ማን ነው?

ኢሕቲካር፣ ማለትም ዋጋ እስኪንር ዕቃን ሸሽጎ ማቆየት፣ ኃጢአት መሆኑ በሐዲስ ተረጋግጧል። ዑለሞች የተለያዩት በየትኛው ዕቃ ላይ ነው በሚለው ነው። ከፊሎቹ ክልከላውን በምግብ ነገር ላይ ገድበውታል። የኢማም አቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር አቡ ዩሱፍ ግን መያዙ ሕዝብን የሚጎዳ ዕቃ ሁሉ ይገባበታል ብለዋል። ለእኔ ይህ ሚዛን ይደፋል፤ ምክንያቱም የተራበ ሰው በጤፉ ፋንታ በቆሎ ሊበላ ይችላል፤ ለዚያ ሕመም የታዘዘ መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ምትክ የለውም።

አንድ ረቂቅ ነጥብ ልጨምር፤ ሐቀኞቹን ባለመድኃኒት ቤቶች የሚያስጨንቃቸው ነውና። በአሮጌው ምንዛሪ የገባን ዕቃ በአዲሱ የገበያ ዋጋ መሸጥ በራሱ ሐራም አይደለም፤ ነጋዴው ነገ በአዲሱ ዋጋ መልሶ ይገዛልና። ሐራም የሚሆነው ሕመምተኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ እያየ፣ ዕቃው ከጀርባ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ፣ የሚቀጥለውን ጭማሪ በመጠበቅ «የለም» ማለት ነው። እዚያ ላይ ሁለት ወንጀል ተደርቧል፦ መሸሸግና መዋሸት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ ዝናብ ነው ቢላቸው፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው እንደገሠጹትና የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ እንደተናገሩ እናውቃለን። ያ ሰው የሸሸገው እርጥብ እህል ነበር። የካንሰር መድኃኒት የሚሸሽግ ሰው በዚያ ገበያ ቢገኝ ምን ይባል ነበር?

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ለሰው ሕሊና ብቻ አልተዉትም። በስድስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፉት መመሪያ፣ የመድኃኒት ሻጮች በምን በምን እንደሚያጭበረብሩና እንዴት እንደሚያዙ የሚገልጹ ምዕራፎች አሉ። በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ይህ ሥራ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ይህንኑ ይደነግጋል። እንግዲያው የደላላውን ስልክ ቁጥር ለባለሥልጣኑ ማድረስ እንደ ወሬ ማቀበል አይቆጠርም፤ መጥፎን ነገር መከልከል ነው።

ይሁን እንጂ በነጋዴ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ከበዳዩ አልፈን ስለ ራሳችን እንነጋገር። ሙስሊሞች ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ጣፋጭ ውኃ ያለው የሩማ ጉድጓድ የአንድ ሰው ንብረት ነበር፤ ውኃውን በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ድሀውም ይቸገር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያን ጉድጓድ ገዝቶ ለሙስሊሞች ለሚያደርግ ሰው ጀነትን ባበሠሩ ጊዜ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ተነሡ። በአንዳንድ ዘገባዎች እንደተተረከው ባለቤቱ ሙሉውን አልሸጥም ስላለ መጀመሪያ የገዙት ግማሹን ነው፤ አንድ ቀን የእርሳቸው፣ አንድ ቀን የባለቤቱ እንዲሆን ተስማሙ። በዑስማን ቀን ሰዉ በነፃ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ይቀዳል፤ በማግስቱ ከባለቤቱ የሚገዛ ይጠፋል። ሰውየውም ቀሪውን ግማሽ ራሱ አምጥቶ ሸጠላቸው። እንግዲህ ልብ በሉ! ዑስማን ሻጩን ሲረግሙ አልተሰማም፤ ሕዝቡንም ሰብር አድርጉ ብለው አልሄዱም። በሕዝቡና በውኃው መካከል የቆመውን በር ገዝተው ከፈቱት።

በዛሬ ዘመንም ይህን የመሰለ ሥራ የሠሩ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር የቀደሙን ሌሎች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የተባለ ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ አቋቁመው ሕመምተኞችን ሲረዱ ኖረዋል። ማክስ የተባለ ወጣት በዚሁ በደም ካንሰር የሞተባቸው ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ያቋቋሙት ድርጅት፣ ከኖቫርቲስ ኩባንያ ጋር ሆኖ ግሊቬክ የተባለውን እጅግ ውድ ኪኒን በጥቁር አንበሳ በኩል ለኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች በነፃ ሲያደርስ ቆይቷል። እነዚህ ሰዎች ሐዘናቸውን ለሌላው መዳኛ አደረጉት። እኛስ? ለሙታኖቻችን ሰደቀተን ጃሪያ ስናስብ ከምንጣፍና ከድምፅ ማጉያ አልፈን አናውቅም። (ምንጣፉን አልጠላሁም፤ ግን በአንዳንድ መስጊዶቻችን ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተደራርቧል።)

ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምና ፈርድ ኪፋያ መሆኑን ሲያስረዱ፣ በዘመናቸው ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጋፋ ስንት ከተማ ያለ ሙስሊም ሐኪም እንደቀረ በምሬት ጽፈዋል። ፈርድ ኪፋያ ማለት ጥቂቶች ከሠሩት ከሌላው የሚወርድ፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። ያ ወጣት አራት ቀን ሲዞር ሸክሙ የእርሱ ብቻ መስሎን ነበር። በእውነቱ ግን የየካ ሙስሊም ሁሉ ሸክም ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አላመጣም። በየጀመዓችን ፋርማሲስት አለ፣ ነርስ አለ፣ አስመጪ አለ፣ መርካቶ ውሎ የሚገባ ነጋዴ አለ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሶፍ ቆመው ይሰግዳሉ፤ አይተዋወቁም። የመስጊድ ኮሚቴ ሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኛ ባለሙያዎችን መርጦ አንድ ስልክ ቢሰጣቸው፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ሆስፒታልና በየትኛው ሕጋዊ መድኃኒት ቤት እንዳለ በየሳምንቱ ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ የአራት ቀኑ ጉዞ ወደ አንድ ስልክ ይወርዳል። ሐኪሙን «ይህ ከጠፋ ምትክ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅም የእነርሱ ሥራ ይሆናል፤ ብዙ ቤተሰብ ፈርቶ አይጠይቅምና። ነገር ግን መስጊድ መድኃኒት ቤት አይደለም፤ አንድም ጠርሙስ በኢማሙ ክፍል መቀመጥ የለበትም።

ለዑምራ ወይም ለንግድ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ የሚጓዙ ወንድሞችና እህቶችም ከዘምዘምና ከተምር ጋር መድኃኒት እንዲያመጡ ይለመናሉ። ቅን ሥራ ነው። ሆኖም እንደ ትራስቱዙማብ ያለው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ በሻንጣ ውስጥ ሞቆ የደረሰ ጠርሙስ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ሊጠፋ ይችላል። ሐሰተኛም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ አቫስቲን የሚል ስም የተለጠፈባቸው የካንሰር መድኃኒት ጠርሙሶች ሲመረመሩ መድኃኒቱ በውስጣቸው ጨርሶ አልተገኘም። ስለዚህ ማዘዣ ሳይዙ፣ ከታወቀ መድኃኒት ቤት ደረሰኝ ሳይቀበሉ፣ ከባለሥልጣኑ የማስገቢያ ደንቡን ሳይጠይቁ አማና መሸከም አይገባም። ሕመምተኛው ወደ አኺራ ሄዶ የተረፈ መድኃኒት ካለም ወራሾች አይሽጡት፤ በገዛ እጃቸውም ለጎረቤት አይስጡት። ይታከምበት ወደነበረው ሆስፒታል ፋርማሲ ወስደው ያማክሩ።

«ጥቁር አዝሙድ ይበቃል» ለሚሉ ወገኖች አንዲት ቃል ብቻ። የጥቁር አዝሙድን በረከት የሚያስተምረው ሐዲስ በዐይናችን ላይ ነው፤ ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን ጥቁር አዝሙድ በሾላ ገበያ ሞልቷል፤ ሩቅያም የሚከለክለን የለም። ሁለቱ ሐኪም ያዘዘውን ለማስተው ምክንያት አይሆኑም። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት እንደሚገባ የተማርነው ከዚያው ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነው።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ። ዘካ በአት-ተውባ ምዕራፍ 60ኛ አንቀጽ ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች የተወሰነ ነው። ለሕክምና ቤቱን የሸጠ ሰው ትናንት ባለጸጋ ቢሆንም ዛሬ ከድሆች ይቆጠራል፤ ለመድኃኒት የተበደረውም ከባለዕዳዎች ነው። በሐነፊ መዝሀብ ዘካ በተቀባዩ እጅ ገብቶ ንብረቱ መሆን ስላለበት፣ ለመዝጋቢዎቹ ስልክም ሆነ ለመጓጓዣ አይውልም። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ሰጪው በገንዘቡ ፋንታ በራሱ ፈቃድ ዕቃ ገዝቶ መስጠት የለበትም። ስለዚህ ለሁለቱም የሚስማማው ዘካውን ለሕመምተኛው በእጁ መስጠት ነው፤ መግዛት ካልቻለ እርሱ ራሱ ሌላ ሰው ይወክልና ይገዛለት። ለቀሪው ወጪ ሰደቃና ወቅፍ አሉ፤ እነርሱም ለሙስሊም ብቻ አልተከለሉም። ሱልጣን ቀላውን በካይሮ እ.ኤ.አ. በ1284 ያቆሙት የመንሱሪ ሆስፒታል ወጪው በሙሉ በወቅፍ ይሸፈን ነበር፤ በሩም ለሀብታምና ለድሀ፣ ለነዋሪና ለእንግዳ ክፍት ነበር። በደም ዝውውር ምርምራቸው የታወቁት ሐኪም ኢብን አን-ነፊስ ሲሞቱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን የተናዘዙት ለዚሁ ሆስፒታል ነው። በየካ ማዘዣ ይዞ የሚዞረው ክርስቲያን ጎረቤታችንም በዚያ ስልክ ሊደውል ይችላል፤ ሊመለስለትም ይገባል። የዘካውን ዝርዝር በየመስጊዳችሁ ያሉትን ዑለሞች ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።